የሻምበል አበበ ቢቂላ ሦስተኛው ድል



በስብሰባችን ቀን ስም ሲጠራ ድምፃቸው የማይሰማ እህቶች አሉ። ቁጠባቸውን በጎረቤት እጅ ይልካሉ እንጂ ራሳቸው አይመጡም። ምክንያቱን ስንጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ያው ነው፤ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው አለ። የአንዷ ባል ከሞተር ሳይክል ወድቆ ወገቡ ተጎድቷል። የሌላዋ ልጅ ማንጎ ሲያወርድ ከዛፍ ወድቋል። የሌላዋ ወንድም የወርቅ ጉድጓድ ተደርምሶበታል። የተጎዳው ሰው ከአልጋው አልተነሣም፤ የምታስታምመውም ከደጇ አልወጣችም። አንድ አደጋ ሁለት ሰው አስተኛ ማለት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ልጻፍ ብዬ ስነሣ ትዝ ያለኝ ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። አበበን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ሮምን በባዶ እግሩ ማሸነፉን፣ ቶኪዮ ላይ መድገሙን ልጆቻችን እንኳ ይነግሩናል። ታሪኩ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ በዊልቸር ላይ ያሳለፈውን ዘመን ከንፈር መጠጥ አድርገን እናልፈዋለን። እኔ ደግሞ በቤታችን የተጎዳ ሰው ለምንይዝ ሴቶች ትልቁ ትምህርት ያለው እዚያ ዘመን ውስጥ ይመስለኛል። ስለዚህ የአበበን ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላውጋችሁ።

ከጃቶ እስከ ሮም

አበበ ቢቂላ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ነው። እንደ አገሩ ልጆች ከብት እየጠበቀ አደገ። ወጣት ሳለ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ጦር ውስጥ ወታደር ሆነ። ከስዊድን የመጣው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያገኘውና ለረጅም ርቀት ሩጫ ያዘጋጀው እዚያ ነው። በ1952 ዓ.ም. ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን አገባ፤ አራት ልጆችም ወለዱ።

በዚያው ዓመት ሮም ላይ ኦሊምፒክ ነበር። የማራቶኑ ቀን በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። አበበ የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው እንደለመደው በባዶ እግሩ ተሰለፈ። ውድድሩ ሲጀመር ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ነበረች፤ ሲጨልም ወታደሮች በመንገዱ ዳር ቆመው ችቦ አበሩ። ጣሊያኖች ከአገራችን ወስደው ሮም ላይ ባቆሙት የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲያልፍ ሩጫውን አፈጠነና ሞሮኮአዊውን ተፎካካሪውን ጥሎ ሄደ። ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀውን አንድ ነገር ላስታውስ። አበበ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው ሮም ሌላ ውድድር ተከፈተ። ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ሰዎች፣ ሁሉም ዊልቸር የሚጠቀሙ፣ ቀስት ሊወረውሩ፣ ሊዋኙ፣ ቅርጫት ኳስ ሊጫወቱ ተሰበሰቡ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው የመጀመሪያው ጨዋታ ያ ነበር። የዓለም ጋዜጦች አበበን እያነሡ እያወደሱ በነበሩበት ሰሞን ሯጩ ራሱ አንድ ቀን ከእነዚያ ሰዎች ጋር እንደሚሰለፍ ማን ሊገምት ይችል ነበር?

ከአራት ዓመት በኋላ ኦሊምፒኩ ወደ ቶኪዮ ሄደ። አበበ ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ ነበር። ገና ቁስሉ ጠገገ ሲባል ልምምድ ጀመረ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በዚህኛው ጊዜ በጫማ ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሌሎቹ ሯጮች ደክመው ሲወድቁ እሱ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ቮልስዋገን መኪና ሸለሙት።

በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሜክሲኮ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰለፈ፤ ነገር ግን እግሩ ታሞ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ወርቁን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደ። አበበ በራሱ እግር ያደረገው የመጨረሻው የኦሊምፒክ ሩጫ ያ ሆነ።

ያቺ ሌሊት

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ አበበ ያንን ቮልስዋገን እየነዳ ሳለ መኪናው ከቁጥጥሩ ውጪ ሆኖ ተገለበጠ። እሱም መኪናው ውስጥ ተቀርቅሮ አደረ። ያገኙትና ያወጡት በማግስቱ ጠዋት ነው። አንገቱ ላይ በደረሰው ጉዳት ምክንያት ከአንገቱ በታች ያለው ሰውነቱ አልታዘዝ አለው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን በአጭሩ ልናገር። በአከርካሪያችን መሐል የሚያልፍ ኅብለ ሰረሰር የሚባል የነርቭ ገመድ አለ። ከአእምሮ ወደ እጅና እግር የሚሄደው ትእዛዝ፣ ከቆዳም ወደ አእምሮ የሚመለሰው የስሜት መልእክት የሚያልፉት በእሱ ነው። ገመዱ ሲጎዳ ከጉዳቱ በታች ያለው አካል መንቀሳቀስም ማወቅም ያቅተዋል። ሽንትና ሰገራም ከቁጥጥር ውጪ ይሆናሉ። በወገብ ደረጃ ከተጎዳ እግር ይታሰራል፤ በአንገት ደረጃ ከተጎዳ እጅም ይጨመራል።

ስለዚህ ከመኪና፣ ከዛፍ ወይም ከፎቅ የወደቀ ሰው ስናገኝ ቸኩለን በብብቱ ይዘን አንጎትተው፣ ቁጭ በልም አንበለው። እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላስገደደን በቀር ባለበት እናቆየው፤ አንዳችን ራሱንና አንገቱን በሁለት እጃችን ቀጥ አድርገን እንያዝ። መነሣት ካለበት አራት አምስት ሆነን እንደ ግንድ ባንዴ፣ ራስ፣ ወገብና እግሩ ሳይተጣጠፍ፣ ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ እናሳርፈው። መንገዱ ረጅም በሆነበት በእኛ ክልል ይህ ትንሽ እውቀት አንድን ሰው እድሜ ልክ ከመተኛት ሊያድነው ይችላል።

አበበ ከአደጋው ከአንድ ሳምንት በኋላ በመንግሥት ወጪ ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ። የገባበት ሆስፒታል ስቶክ ማንደቪል ይባላል።

ሰውን ከአልጋ የሚያስነሣ ሆስፒታል

ስቶክ ማንደቪል ተራ ሆስፒታል አልነበረም። የናዚን መንግሥት ሸሽቶ ከጀርመን ወደ እንግሊዝ የተሰደደ ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ሐኪም በ1936 ዓ.ም.፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ አከርካሪያቸው ለተጎዳ ወታደሮች ክፍል የከፈተበት ቦታ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ የተጎዳ ሰው ተስፋ እንደሌለው ይቆጠር ነበር። ብዙዎቹ በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞቱ ነበር። የሚገድላቸው ደግሞ የአከርካሪው ስብራት ራሱ ሳይሆን ከመተኛት የሚመጣው ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነው።

ጉትማን የጀመረው በጣም ተራ ከሚመስል ነገር ነው። እያንዳንዱ ታካሚ በየሁለት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ እንዲገላበጥ አዘዘ። ሌሊት ራሱ እየዞረ መገላበጣቸውን ያይ ነበር። የሽንት ቱቦው ንጽሕና በጥብቅ እንዲጠበቅ አደረገ። ቁስሉ ዳነ፤ ትኩሳቱ ቀነሰ፤ ሰዎቹ መኖር ጀመሩ።

ሰዎቹ መኖር ሲጀምሩ ግን ሁለተኛው ጥያቄ መጣ። ለምን ይኑሩ? ጠዋት ነቅተው ምን ያድርጉ? ጉትማን ለዚህም መልስ አበጀ። ታካሚዎቹ የእንጨት ሥራ፣ ሰዓት ጥገና፣ በታይፕ መጻፍ እንዲማሩ አደረገ። ጨዋታም ጨመረ። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት በሆስፒታሉ መስክ ላይ 16 ሰዎች፣ ከእነሱም ሁለቱ ሴቶች፣ በዊልቸር ተቀምጠው ቀስት ተወዳደሩ። ከ12 ዓመት በኋላ ሮም የደረሰው ያ ጨዋታ ነው።

ቀስት የተመረጠው እንዲሁ አይደለም። ቀስት መሳብ ክንድን፣ ትከሻንና የላይኛውን ጀርባ ያጠነክራል፤ ቁጭ ብሎ ሚዛን መጠበቅን ያስተምራል። በዚህ ጉልበት ሰውየው ራሱን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማሻገር ይችላል። ማሻገር የቻለ ሰው ደግሞ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ፣ ገበታ ለመቅረብ፣ ደጅ ለመውጣት የግድ ሰው ሲጠብቅ አይውልም።

ይህን ዓይነቱን ሕክምና በዓለም ላይ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይሉታል። ፊዚዮቴራፒ ጡንቻንና መገጣጠሚያን ያበረታል። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ደግሞ ያ ብርታት ወደ ዕለት ተግባር እንዲለወጥ ያደርጋል። መታጠብ፣ መልበስ፣ መጉረስ፣ ቡና ማፍላት፣ ሥራ ሠርቶ ገንዘብ ማግኘት፣ ልጅ ማቀፍ፣ እነዚህ ሁሉ የሕክምናው ጉዳዮች ናቸው። ሰውየው የማይችለውን ብቻ አይመለከትም፤ ቤቱን፣ ዕቃውንና የአሠራሩን መንገድ ለሰውየው እንዲስማማ ይለውጣል። ሙያው በአሜሪካ ማኅበር ሆኖ የቆመው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ከመሥራቾቹ መካከል ኤሊኖር ክላርክ ስሌግል የምትባል ሴት ትገኝበታለች። እሷና የዘመኗ ባለሙያዎች ሽመናን፣ ቅርጫት ሥራንና የመሳሰሉትን የእጅ ሥራዎች ለሕክምና ይጠቀሙባቸው ነበር። እኛ ስፌት ይዘን ስንሰባሰብ ሐሳባችን እንዴት እንደሚረጋ እናውቃለንና ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

የተመለሰለት እጅ

አበበ በዚያ ሆስፒታል ስምንት ወር ቆየ። ከዓለም ዙሪያ የመልካም ምኞት ካርድ ጎረፈለት፤ የእንግሊዝ ንግሥትም ጠየቀችው። ቀስ በቀስ የእጆቹ ጉልበት ተመለሰ። እግሮቹ ግን አልተመለሱም፤ ከዚያ በኋላ ቆሞ አልሄደም።

የዓለም ፈጣኑ ማራቶን ሯጭ እግሩን ሲያጣ ምን እንደሚሰማው መገመት ይከብዳል። ስምንት ወር ሙሉ የሠራው ሥራ ለተመልካች የሚታይ አይደለም። ቁጭ ማለት፣ ሳይወድቁ መቀመጥ፣ ዕቃ መያዝ፣ ዊልቸር መግፋት ሜዳሊያ የማያሸልሙ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያደረገው ሁሉ የተሠራው በእነሱ ላይ ነው።

ሐምሌ 1962 ዓ.ም. አበበ በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች ላይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ከአስር ዓመት በፊት በእሱ ድል ማግስት ሮም ላይ የተደረገው ጨዋታ አሁን የእሱም ሆነ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች ባዘጋጀችው ውድድር ላይ በእንግድነት ተጠርቶ ሄደ። እንግዳ ሆኖ መቀመጡን አልወደደውም መሰል ቀስትም ጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ውድድርም ገብቶ ሌሎቹን ቀድሞ አንደኛ ወጣ። በረዶ በማያውቅ አገር የተወለደ፣ እግሩን የማያዝዝ ሰው ይህን አደረገ።

ነሐሴ 1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በዊልቸር ሲገባ ስታዲየሙ ተነሥቶ አጨበጨበለት። የዚያን ዓመት ማራቶን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ።

አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ለሞቱ ምክንያት የሆነው ከአራት ዓመት በፊት ከደረሰበት አደጋ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ደም መፍሰስ ነበር። ቀብሩ በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት በዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ፤ ንጉሠ ነገሥቱና እጅግ ብዙ ሕዝብ ተገኙ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ስታዲየም አለ።

አደጋው ከደረሰበት ቀን እስከ ሞቱ አራት ዓመት ከሰባት ወር ነው። አጭር ነው እንል ይሆናል። ግን ያ ጊዜ የተኛበት ጊዜ አልነበረም፤ ተጉዟል፣ ተወዳድሯል፣ ከሰው ጋር ውሏል። ሦስተኛው ድል የምለው ይህንን ነው። ሮምና ቶኪዮ ላይ ሰዓትን አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቀኑን መልሶ የራሱ አደረገ።

ከእሱ ቤት ወደ እኛ ቤት

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትጠይቁት ይገባኛል። አበበን ንጉሥ ላከው፤ የእኛን ሰው ማን እንግሊዝ አገር ይልከዋል? እውነት ነው። ነገር ግን ጉትማን መጀመሪያ ላይ ሰውን ያዳነበት ነገር አውሮፕላን የሚያሻው አይደለም። እጅ፣ ሰዓትና ትዕግሥት ነው። ከዚያ ውስጥ በአሶሳም፣ በባምባሲም፣ በጉባም ቤት ልናደርገው የምንችለውን ልዘርዝር።

መጀመሪያ ቆዳ። መገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ፤ ከጀርባ ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ሌላው ጎን። በጉልበቶቹ መሐልና ከባቱ ስር ትራስ ይደረግ፤ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ በየሩብ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ በእጁ ተደግፎ መቀመጫውን ከፍ ያድርግ ወይም ወደ ፊትና ወደ ጎን ይዘንበል። ጠዋትና ማታ መቀመጫውን፣ ዳሌውን፣ ተረከዙን እንይ። ተጭነነው ቀለሙ የማይመለስ ወይም ከወትሮው የጠቆረ፣ የቀላ ወይም የሞቀ ቦታ ካለ ቁስል ሊጀምር ነውና በዚያ ላይ አይተኛ፣ አይቀመጥም። አንዳንዶች የመኪና ካላማዳሪ ነፍተው ያስቀምጡበታል፤ ቀለበት የመሰለ መቀመጫ ግን ዙሪያውን የደም ዝውውር ስለሚያፍን አይመከርም። ወፍራም ስፖንጅ ይሻላል። የአሶሳ ሙቀት ላብ ስለሚያበዛ ቆዳው ደርቆ መዋሉም ይታሰብበት።

ሁለተኛ እሳትና ፈሳሽ። ስሜት የሌለው እግር ሲቃጠል አይጮህም። ማንደጃ አጠገቡ አይቀመጥ፤ የፈላ ጀበና ወይም ትኩስ ሳህን በጭኑ ላይ አይያዝ። የሚታጠብበትን ውሃ አስታማሚዋ በክርኗ ትለካው። የሚጠጣው ውሃ አይነስ። ሽንቱ ከደፈረሰ ወይም ትኩሳት ካለው ነገ እያልን ሳናሳድር ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ሦስተኛ ቤቱ። እኛ ቀርከሃ በሞላበት አገር ነው የምንኖረው። ከቀርከሃ አልጋና ሶፋ የሚሠራ እጅ ከአልጋው አጠገብ መያዣ፣ ከበሩ ደፍ ላይ ተዳፋት፣ ወደ መጸዳጃው በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ መደገፊያ መሥራት አያቅተውም። መሐሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር ጉድጓድ ላይ ማስቀመጥ ሰውየውን ከብዙ ሐፍረት ያድነዋል። የሚፈልጋቸው ነገሮች፣ ውሃው፣ ስልኩ፣ ማበጠሪያው፣ እጁ በሚደርስበት ከፍታ ይቀመጡ። የሚችለውን ራሱ ያድርግ። ቢዘገይም፣ ቢያፈስም ይጉረስ። እኛ ሴቶች በፍቅር ብዛት ሁሉን ነገር እንሠራለታለን፤ ያኔ ሳናውቀው የቀረችውን አቅም እንወስድበታለን።

አራተኛ ሥራ። ሰው በቀኑ ውስጥ ድርሻ ሲኖረው ጤናው ይጠበቃል። ቅርጫት መሥራት፣ ቅመም መልቀም፣ በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና መስፋት፣ ትንሽ ሱቅ መጠበቅ፣ የማኅበርን የቁጠባ መዝገብ መያዝ፣ ሁሉም ተቀምጦ የሚሠራ ነው። ባለቤቱ ራሱ የሚመርጠው ይሁን።

አምስተኛ አስታማሚዋ። የእኛ ክልል ሴት በትከሻዋ ላይ በሚያርፍ እንጨት ግራና ቀኝ ሸክም ሰቅላ ረጅም መንገድ የምትሄድ ናት። ቤት ስትገባ ደግሞ ትልቅ ሰው ታነሣለች። ወገቧ ቢያልቅ ሁለተኛው ተጎጂ እሷ ናት። ብቻዋን አታንሣ፤ ሁለት ይሁኑ። ስታነሣ ወገቧን ሳይሆን ጉልበቷን ትጠፍ፤ የሚነሣውን ሰው ወደ ሰውነቷ ታስጠጋ፤ በክንዱ ይዛ አትጎትተው። በፎቶግራፍ ላይ አበበን ከነቀስቱ እናየዋለን፤ ከዊልቸር ጀርባ የሚቆመው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከፎቶው ውጪ ነው። ወይዘሮ የውብዳርም በዚያ ሁሉ ዘመን የአራት ልጆች እናት ነበሩ።

ወደ ማን እንሂድ?

ሁሉም ነገር በቤት አያልቅም። በአሶሳ ከተማ የአካል ማገገሚያ ማዕከል አለ፤ ሰው ሠራሽ እግር፣ መደገፊያና ዊልቸር የሚገኘው በእንዲህ ያሉ ማዕከሎች በኩል ነው። በአዲስ አበባ አቅራቢያ መናገሻ ላይ ቼሻየር ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን አካል ጉዳተኛ ልጆችን ሲያገለግል ኖሯል። ኦኩፔሽናል ቴራፒን በዲግሪ ማስተማር በአገራችን የተጀመረው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስለዚህ የሙያው ሰዎች ገና ጥቂት ናቸው። ልጆቻችን ይህን ሙያ ቢማሩ ወደ ክልላቸው ይዘውት የሚመለሱት ትልቅ ሀብት ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ዊልቸር ስትለግሱ ከወንበሩ ጋር ልኬቱንም አስቡልን። ለሰውየው ያልተለካ ወንበር ቁስል ያመጣል፣ ትከሻ ያጎብጣል፣ በአሸዋና በጭቃ መንገዳችንም ላይ አይገፋም። የዓለም ጤና ድርጅትም ዊልቸር ለሰውየውና ለአካባቢው ተመጥኖ፣ ከሥልጠና ጋር እንዲሰጥ ይመክራል። አንድ በልክ የተሰጠ ወንበር ከአምስት ዝም ብሎ ከተቆለለ ወንበር ይበልጣል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ አደጋው ባይደርስ ይሻላል። ጉባ ላይ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት ከተጣለበት ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. እስከተመረቀበት ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ሺህ ሰው በከፍታና በከባድ ማሽን መሐል ሠርቷል። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የራስ ቁርና የወገብ ቀበቶ ጌጥ አይደሉም። የማንጎ ዛፍ ላይ የሚወጣው ልጃችንም፣ ሦስት ሰው ጭኖ የሚበረው ባለ ሞተሩም፣ ያልተደገፈ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባውም ቀበቶ፣ ቁር ወይም ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል። ወንዱ እንዲያደርገው የምትጨቀጭቀው ሴት ጨቅጫቃ አይደለችም፤ የቤቷን ዕድሜ እየጠበቀች ነው።

የመጨረሻ ሐሳቤ ለማኅበራችን ነው። በወር አንድ ቀን ሁለት ሁለት ሆነን ተራ እንግባ። ቤቷ ሰው ወደተኛባት እህታችን ሄደን ለግማሽ ቀን እንተካት። እሷ ትታጠብ፣ ትገበያይ፣ ስብሰባ ትምጣ። እኛ ደግሞ የተኛውን ወንድማችንን ወይም እህታችንን እናገላብጥ፣ ደጅ አውጥተን ከሰው ጋር ቡና እናጠጣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ለዚህ የውጭ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ከተራው ዝርዝር ላይ ስማችንን መጻፍ ብቻ ነው።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ትግስት ገዛኸኝ የምትባል ዓይኗ ላይ ጉዳት ያለባት ወጣት በፓራሊምፒክ 1,500 ሜትር አሸንፋ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች። ያሸነፈችው ቶኪዮ ላይ ነው፤ አበበ በእግሩ ለመጨረሻ ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ በወሰደባት ከተማ። በእያንዳንዳችን ሰፈር ከበር ያልወጣ አንድ አበበ፣ አንዲት ትግስት ይኖራሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ስም ሲጠራ ድምፃቸው ያልተሰማ እህቶቻችን አቤት ሲሉ ለመስማት ያብቃን።

ሰላምና ጤና ለሁላችን ይሁን።